ለሕፃናት በትምህርት ቤት ስለሚዘጋጅ የምክር ክፍል

ሕፃን ልጅ ኀዘኑን እንደ ዐዋቂ በቃል ገልጦ አይናገርም። አንዱ ሆዴን ያመኛል ይላል፤ አንዱ ከባልንጀራው ጋራ ይደባደባል፤ ሌላውም መጽሐፉን ገልጦ አንዲት መስመር ሲያይ ይውላል። መምህሩም ይህን አይቶ ሰነፈ ወይም ጠገበ ብሎ ይፈርድበታል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያርፍበትና የሚመከርበት ክፍል፥ በዘመኑ አጠራር የጋይዳንስና የካውንስሊንግ ክፍል የሚባለው፥ እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን።

በዐይናችን ካየነው ብንጀምር ይሻላል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕፃናት ከቀያቸው ተፈናቀሉ፤ በ2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም የልጆቹ ልብ እንደ ወረቀቱ ፈጥኖ አልረጋም። ከእነዚህ አንዱ፥ ዕድሜው 9 ዓመት የሚሆን ልጅ፥ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ፥ እኛ በወላጆች ኮሚቴ በምናገለግልበት ትምህርት ቤት ይማር ነበር። የትምህርት ቤቱ ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት በተመታ ቍጥር ልጁ ከዴስኩ ሥር ይገባል፥ ጓደኞቹም ይስቁበታል። መምህርቱ ዐዝና ወደ ምክር ክፍሉ ብትወስደው መቃኑን በሁለት እጁ ጨብጦ አልገባም አለ።

ምክንያቱን በኋላ ከሌሎቹ ልጆች ሰማን። ያ ክፍል አስቀድሞ አጠፋ የተባለ ተማሪ የሚንበረከክበትና የሚገረፍበት ኖሯል፤ ልጁም ይህንኑ ሰምቷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጎ ሳለ፥ አለንጋው ገና ከቁምሣጥኑ ላይ አልወረደም ነበር። በበሩ ላይ ያለው ጽሕፈት ተለወጠ እንጂ ክፍሉ አልተለወጠም። ጥፋቱም የእኛ ጭምር ነው፤ ከኮሚቴው ጋራ ሆነን ክፍሉን ስንመርጥ ስፋቱን ጠየቅን እንጂ ልጆቹ በምን እንደሚያውቁት አልጠየቅንም። በቆሎ ተማሪነታችን ጊዜ አለንጋን እንደ ትምህርት ክፍል ቈጥረን ያደግን ሰዎች ነንና ነገሩ ሳይከብደን ቀርቶ ይሆናል።

የደነገጠ ልጅ ልቡ በኃይል ይመታል፥ ትንፋሹ ያጥራል፥ እጁ ይቀዘቅዛል። ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ተሰናድቷልና በዚያን ጊዜ መልካም ምክር ቢነግሩት አይሰማም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚፈለገው ንግግር ሳይሆን ርጋታ ነው። ከሚያረጋጉትም ነገሮች አንዱ ትንፋሽን ከሚስቡት ይልቅ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነው፤ እንዲህ ሲሆን የልብ ምት ዝግ ይላል። ለሕፃን ግን ይህን በትምህርት ከማስረዳት ይልቅ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዝ አድርገህ እፍ በል ቢሉት ይበቃዋል። (ይህን በሰማን ጊዜ ድጓ የተማርንበት ዘመን ትዝ አለን፤ ረጅም ዜማ በአንድ ትንፋሽ የሚያወርድ ተማሪ ተቈጥቶ መቈየት አይሆንለትም።)

ክፍሉ እንግዲህ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ይራቅ፤ የሚገባው ልጅም ለጓደኞቹ መዘባበቻ እንዳይሆን በሜዳው ፊት ለፊት አይሁን። ግድግዳው ነጣ ባለ ቀለም ይቀባ፥ የውጤት ሰንጠረዥም አይለጠፍበት። በመካከል ትልቅ ጠረጴዛ ከቆመ ልጁ ዳኛ ፊት የቀረበ ይመስለዋል፤ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት በርጩማ በጎን በጎን ቢቀመጥ፥ መሬት ለሚወድም ሰሌን ቢነጠፍ ይበቃል። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን እያየ ይቀመጥ። በበሩም ላይ መስተዋት ይግባበት፤ በውጭ የሚያልፍ ሰው ሁለቱን ያያል፥ ቃላቸውን ግን አይሰማም፤ ይህም ልጁንም መካሪውንም ይጠብቃል። እጅ ሥራ ሲያገኝ አንደበት ይፈታልና ጭቃ፥ እርሳስና ወረቀት አይታጡ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

እኛ ካህናት የሰውን ምሥጢር መስማት ልማዳችን ስለ ሆነ አንድ ነገር ለይተን እንናገር። የንስሐ አባት የሰማውን ለማንም አያወጣም፤ የትምህርት ቤት መካሪ ግን እንደዚያ ብሎ ለልጁ ቃል ሊገባለት አይገባም። ልጁ የሚደበድበኝ ወይም የሚያስነውረኝ ሰው አለ ያለ እንደ ሆነ ዝም ማለት ልጁን ለዚያ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን፥ የምትነግረኝን ለጓደኞችህ አላወራም፤ የሚጎዳህ ነገር ካለ ግን ለሚረዳህ ሰው እነግራለሁ፥ ያን ጊዜም አስቀድሜ ለአንተ እነግርሃለሁ ብሎ በግልጥ ሊያስታውቀው ይገባል።

ያም ክፍል ተትቶ ከአትክልቱ አጠገብ ያለች የመጽሐፍ ማስቀመጫ ተጠርጋ ተሰጠች። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ደፉ ላይ ተቀመጠ፥ አልገባም። መካሪዋ ግባ አላለችውም፤ በርጩማዋን ይዛ ወጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፥ ጭቃውንም በመካከላቸው አኖረች። ሦስት ቀን እንዲህ ዋሉ፤ በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለና አብረው ገቡ።

ቸርኬው እስከ አሁን ከዛፉ አልወረደም፤ በቃጭል ይለወጥ ያልነው ነገር ከኮሚቴው ገና አልጸደቀም። እስከዚያው ድረስ ዘበኛው ከመምታቱ በፊት ወደ ልጁ ክፍል መስኮት ዞሮ እጁን ከፍ ያደርግለታል።