ዕቃው ኢንሹራንስ ተገብቶለታል፤ መርከበኛውስ?

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት በጂቡቲ በኩል በሚመጣ ዕቃ ነው። ብረቱ፣ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃውና መለዋወጫው ቃሊቲ ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት ሳምንታት በባሕር ላይ ያሳልፋል። አስመጪው የዶላሩን፣ የኤልሲውንና የቀረጡን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ዕቃውን የጫነው መርከብ ሠራተኛ ደመወዙ ይከፈለው አይከፈለው የጠየቀ ደላላ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጉዳዩ የሰብአዊ መብት ነው፤ የኪስም ጭምር ነው።

ሕጉ የሚጀምረው ከባንዲራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በዓለም አቀፍ ውሃ ላይ ላለ መርከብ፣ የሠራተኞቹን የሥራ ሁኔታ ጨምሮ፣ ኃላፊነቱን የሰጠው ባንዲራውን ለሚያውለበልበው አገር ነው። ባሕር የሌለው አገርም በራሱ ባንዲራ መርከብ የማሰማራት መብት አለው፤ የእኛዎቹ እነ «አሶሳ» እና «ፊንፊኔ» በዚሁ መብት ተጠቅመዋል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከዓለም የንግድ መርከቦች እጅግ ብዙዎቹ የላይቤሪያ፣ የፓናማ ወይም የማርሻል ደሴቶች ባንዲራ ይዘው የሚጓዙ ሲሆን ባለቤቶቻቸው የሚኖሩት ሌላ አገር ነው። ባለቤቱ ከከሰረ ወይም ከጠፋ ሠራተኛው በማያውቀው ወደብ፣ ያለ ቀለብና ያለ ነዳጅ፣ ለወራት መርከቡ ላይ ተቀምጦ ሊቀር ይችላል።

ለዚህ መልስ የሰጠው የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃዋለች። በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት፣ በየወሩ ደመወዝ፣ ውል ሲያልቅ በአሠሪው ወጪ ወደ አገር መመለስ፤ እነዚህ ሁሉ ተጽፈዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ነው። ደመወዝ ለሁለት ወር ካልተከፈለና ባለቤቱ ከሠራተኞቹ ጋር ያለውን ግንኙነት ካቋረጠ ሠራተኛው «የተጣለ» ይባላል። መርከቡም እስከ አራት ወር የሚደርስ ያልተከፈለ ደመወዝና የመመለሻ ወጪ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሊኖረው፣ የምስክር ወረቀቱም መርከቡ ላይ በሚታይ ቦታ ሊለጠፍ ይገባል።

ይህ አስመጪውን ምን ያገባዋል? ብዙ። በብዙ አገሮች የባሕር ሕግ የመርከበኛ ደመወዝ ከባንክ መያዣ ቀድሞ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ መርከቡ ቢሸጥ እንኳ ተከትሎት ይሄዳል። ያልተከፈለው ሠራተኛ ፍርድ ቤት አቤት ካለ መርከቡ ከነጭነቱ ወደብ ላይ ይታገዳል። ባንኩ ደግሞ ኤልሲውን የሚከፍለው ሰነድ አይቶ እንጂ ዕቃ አይቶ አይደለም፤ ስለዚህ ዶላሩ ሄዷል፣ ዕቃው ቆሟል። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ይኖራል። በዓለም ገበያ የተለመደው የጭነት ኢንሹራንስ ውል ግን መዘግየት ያመጣውን ኪሳራ አይሸፍንም። በኪራይ የረከሰው መርከብ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

መዘግየት ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ካፒቴን በባሕር ላይ በአደጋ ውስጥ ያለን ሰው፣ የራሱን መርከብ ለከባድ አደጋ ሳያጋልጥ፣ የማዳን ግዴታ አለበት፤ ፓስፖርትም ቪዛም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በየመን አብያን ጠረፍ አቅራቢያ ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ሰው ሲያልቅ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ መስመር የሚያልፈው መርከብ የአቃቂን ዕቃ የጫነ ሊሆን ይችላል። ሕይወት ለማዳን ከመስመሩ የወጣ መርከብ ውል እንዳፈረሰ አይቆጠርም። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1924 በወጣው የሄግ ደንቦች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ባለጭነቱ በዚህ ምክንያት ለባከነው ጊዜ ካሣ መጠየቅ አይችልም፤ ባይጠይቅም ያምርበታል።

ሌላው አደጋ ጥቃት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በኤደን ባሕረ ሰላጤ «ትሩ ኮንፊደንስ» በተባለ መርከብ ላይ በተተኮሰ ሚሳይል ሦስት መርከበኞች ሲሞቱ፣ የተረፉት የተወሰዱት ወደ ጂቡቲ ነበር።

እንግዲህ መርከብ የሚከራይ ወይም ጭነት የሚያዋውል ሰው ኪራዩን ከመጨረሱ በፊት ወኪሉን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ባንዲራው የማን ነው? የሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ምስክር ወረቀት እስከ መቼ ይጸናል? መርከቡ ባለፉት ዓመታት በወደብ ተቆጣጣሪዎች ታግዶ ያውቃል? ወኪሉ ኮፒውን ለማሳየት ካመነታ ሌላ መርከብ መፈለግ ይሻላል።