ስለ ባሕር ዛፍ ሽያጭና ስለ ቈረጣ ውል

በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። ዳሩ ግን ዛፍ ስንሸጥ ይህ ነገር ትዝ አይለንም። በደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ገንዘብ ሲያበድር ወረቀት ይጽፋል፤ ባሕር ዛፉን ግን በአንድ ዋንጫ ጠላ ላይ ተስማምቶ በቁሙ ይሸጣል። ይህ ልማድ የሚያስከትለው ነገር በቤታችን ስለ ደረሰ፥ ያጠናሁትን በመጽሔታችን ላይ ባቀርብ ወላጆችም ጓደኞቼም ይጠቀሙበታል ብዬ አሰብሁ።

ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆን ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ከደጀን እስከ ደምበጫ በመኪና የሚሄድ ሰው በየመንደሩ ያየዋል። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም፤ ገበሬው በጉልበቱ በላዩ ያፈራው ግን የራሱ ነው። ስለዚህ ለብዙ ቤተ ሰብ ባሕር ዛፍ የቆመ ገንዘብ ነው። የእኔም የቤት ኪራይና የደብተር ዋጋ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አያቴ በጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ለአንድ ነጋዴ ሸጡ። ቀብድ ተቀበሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሰሙ፤ በዚሁ አለቀ። ነጋዴው «ለጥር እቈርጣለሁ» ብሎ ሄደ። ጥር አለፈ፤ ክረምቱም አለፈ፤ በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ብቅ አለ። ዛፉ ግን በዚህ ጊዜ ሁሉ መወፈሩን አልተወም። አያቴ ጭማሪ ቢጠይቁት «ዋጋው ያኔውኑ ተነግሯል፥ አባባ» አላቸው።

ይህ ሳያንስ ቈራጮቹ አንዱን ዛፍ በጎረቤታችን ማድ ቤት ላይ ጣሉት። ሰው አለመጐዳቱ እግዚአብሔር ይመስገን። ነጋዴው «ሥራውን በቁርጥ የያዙት እነሱ ናቸው፤ እነሱን ጠይቁ» አለ። ቈራጮቹ ደግሞ «ወዴት እንደምንጥለው ያመለከቱን አባባ ናቸው» አሉ። አያቴም «ከሸጥሁት በኋላ እኔ ምን አገባኝ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ኪሳራውን ለሦስት ከፍለው አስታረቁ። የአያቴ ድርሻ ለእኔ ቤት ኪራይ ከተቀመጠው ገንዘብ ወጣ፤ እኔም የዚያን ዓመት ሁለተኛውን መንፈቅ ከመንደር እስከ ትምህርት ቤት በእግሬ እየተመላለስሁ ጨረስሁ።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ምን እንደሚል ለማወቅ ፈለግሁና አንድ መምህራችን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አሳዩኝ። የውሉን ክፍል ጨምሮ ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው፤ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። በቁጥር 1133 ዛፍ ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ ክፍል ነው ይላል፤ ነገር ግን እንዲቈረጥ ውል የተደረገበት ዛፍ ራሱን እንደ ቻለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ይቈጠራል። ይህን ሳነብ በጣም ተደነቅሁ። ሥሩ በምድር የጠለቀው ዛፍ በሕግ ዐይን እንደ በግና እንደ አንድ ቁና ጤፍ ሆኖ ተገኘ!

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቤት የሚሸጥ ሰው ውሉን በጽሑፍ እንዲያደርግ በቁጥር 1723 ይገደዳል፤ ለሚቈረጥ ዛፍ ግን ይህ ግዴታ የለም። እንግዲያስ የአያቴ የቃል ውል እውነተኛ ውል ነበረ። ጉድለቱ የተነጋገሩት ስለ ዋጋው ብቻ መሆኑ ነው። ሰው ብዕር ይዞ ሲቀመጥ ግን እስከ መቼ ይቈረጣል? ማን ይቈርጣል? ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል? እያለ መጠየቁ አይቀርም።

ስለ ጉዳቱ ቁጥር 2134 የሚለው፥ በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ያልሆነና ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ላጠፋው ጥፋት አሠሪው ኀላፊ አይሆንም ነው። ምስኪኑ አያቴ ዱላቸውን አንሥተው «ወደዚያ ጣሉት» ማለታቸው ነገሩን አከረረባቸው። ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። አያቴ ተናደው «ለሌላ እሸጠዋለሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንኳን አልሸጡት።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው የጉቶው ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ሻጩ የሚሸጠው ግንዱን እንጂ ጉቶውን አይደለም። ገዢው ግን ስለሚቀጥለው ቡቃያ አይጨነቅም። ቡቃያው የሚወጣው ከልጡ ሥር ስለ ሆነ ልጡ ከተላጠ ወይም ጉቶው ከተሰነጠቀ ይበላሻል። ከፍ ተደርጎ ከተቈረጠም ቡቃያውን ነፋስ በቀላሉ ይገነጥለዋል። ከአንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፥ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ሆኖ መቈረጥ አለበት። በእኛ ጓሮ እስከ ጕልበት ድረስ ተትተው፥ ልጣቸው ተልጦ የደረቁ ጉቶዎች ዛሬም ይታያሉ።

ዘንድሮ አያቴ ከወንዝ ማዶ ያለውን ዛፍ ለሌላ ነጋዴ ሲሸጡ ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የዛፉን ቍጥር፥ ዋጋውንና ቀብዱን፥ የመጨረሻውን ቀን፥ የጉቶውን ከፍታ ጻፍሁ፤ ቅጠሉና ጭራሮው ለእናቴ እንዲቀር፥ በቈረጣው ለሚደርስ ጉዳት ገዢው እንዲከፍል ጨመርሁ። ሁለት ምስክሮችም ፈረሙ። አያቴ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ጣት ብቻ አይበቃም ነበር፤ በቁጥር 1728 መሠረት የማያነብ ሰው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ስለዚህ ለዚሁ ሲሉ ከተማ ድረስ መጡ፤ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረሙ።

ነጋዴው በመጀመሪያ «ለዚህች ዛፍ ይህን ያህል ወረቀት?» ብሎ ሳቀብን። ጽሑፉን ሲያነቡለት ግን ዝም ብሎ አደመጠና «ዝናብ ቀድሞ መጥቶ መኪና መግባት ቢያቅተው ቀኑ ለእኔ እንዲራዘም ጻፍልኝ» አለኝ። አያቴ ጥቂት አሰቡና «እስከ መስቀል ብቻ» አሉት። እኔም ጻፍሁት።