ስለ ውኃ ታንከር ልክ

በታንከር ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የዕቃውን ሆድ እንጂ ከቧንቧው የሚቀዳውን ውኃ አይናገርም። ውስጡ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ክብ ታንከር ሲሰላ 1,696 ሊትር ነው፤ ሻጩ 1,700 ብሎ ቢጽፍበት ሐሰተኛ አይባልም። ነገር ግን የትርፍ ውኃ መውጫው ከአፉ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ፥ መቅጃው ቧንቧ ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተበሳ እንደ ሆነ 170 ሊትር ያህል ይጐድላል። ከወለሉ የሚቀረውም ደለል ነውና ለከብት እንኳ አይረባ።

የችግኝ ሹም በተጻፈው ቁጥር ተማምኖ መደቡን ቢያሰፋ፥ በ10 ሊትር ማጠጫ 17 ማጠጫ ውኃ የሚጠጣው ችግኝ በበጋ ይደርቅበታል። ስለዚህ ርክክቡ ሳይፈረም ታንከሩ እስኪፈስ ይሞላ፤ ከቧንቧው የሚወርደውም ልኩ በታወቀ ባልዲ ተቈጥሮ በቀለም ይጻፍበት።