ትምህርት 14፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

ሀ. ምንባብ

ተማሪዎች! የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ስታነቡ «መዝገብ የሰውን ሕይወት ሊያድን የሚችለው እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በልባችሁ ያዙ።

እ.ኤ.አ. በ1854 በኦገስት ወር መጨረሻ፣ ሶሆ በሚባለው የሎንዶን ሰፈር የኮሌራ በሽታ በድንገት ገባ። አቅም ያለው ሁሉ ቤቱን እየዘጋ ሸሸ። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች በሽታው ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን በሽታው የሚተላለፈው በተበከለ ውኃ ነው የሚል አሳብ በ1849 አቅርቦ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሰሚ አላገኘም።

በእንግሊዝ አገር ከ1837 ጀምሮ ሞት በመንግሥት መዝገብ ይሰፍር ነበር። የሎንዶን ሟቾች ቁጥርም በየሳምንቱ እየታተመ ለሕዝብ ይወጣ ነበር። ስኖው ወደ መዝገብ ቤቱ ሄዶ በሰፈሩ በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር ለመገልበጥ ፈቃድ አገኘ። በሦስት ቀናት ብቻ 83 ሰዎች ሞተዋል። ዝርዝሩን ይዞ በየቤቱ ሲዞር፣ ሟቾቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በብሮድ ስትሪት በሚገኘው የውኃ ፓምፕ አጠገብ የኖሩ ሆነው አገኛቸው። ወደ ሌላ ፓምፕ ይቀርቡ የነበሩት ቤቶች ያስመዘገቡት 10 ሟቾችን ብቻ ነበር። ከእነዚህም የአምስቱ ቤተ ሰቦች ውኃ የሚያስቀዱት ከብሮድ ስትሪት እንደ ነበር ነገሩት፤ ሦስቱ ደግሞ በዚያው ፓምፕ አጠገብ የሚማሩ ሕፃናት ነበሩ።

ስኖው ሴፕቴምበር 7 ቀን ይህን ለሰፈሩ የአስተዳደር ቦርድ አስረዳ። በማግሥቱም የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ተደረገ። በሽታው ከዚያ ቀን በፊት መቀነስ መጀመሩን ስኖው ራሱ ሳይደብቅ ጽፏል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሄንሪ ዋይትሄድ የተባለ የሰፈሩ ቄስ የስኖውን አሳብ አልተቀበለም ነበርና ስሕተቱን ሊያሳይ ተነሣ። ነገር ግን የሟቾቹን መዝገብ ሲመረምር፣ በፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት አንዲት ሕፃን ታማ መሞቷን አነበበ። ስፍራው ሲቆፈር የዚያ ቤት ፍሳሽ ወደ ውኃው ጕድጓድ ይሰርግ እንደ ነበር ታወቀ። ተጠራጣሪው ሰው ዋና ምስክር ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። መዝገቡን የጻፉት የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ትርጕሙን ያገኙት ግን ከቢሮው ውጭ ያሉ ሐኪምና ቄስ ናቸው። መዝገቡ በሣጥን ተቆልፎ ቢቀር ኖሮ የቀለም ክምር ብቻ በሆነ ነበር።

ዛሬም የአካባቢ ምክር ቤቶች ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ በጀት ብዙ መረጃ ይሰበስባሉ። ይህን መረጃ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያገኘው፣ በኮምፒዩተር ሊደምረውና ሊያነጻጽረው፣ መልሶም ለሌላ ሥራ ሊጠቀምበት ሲፈቀድ «ክፍት ዳታ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የብሪታንያ መንግሥት በእንግሊዝ ያሉ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከ500 ፓውንድ በላይ የሆነ ወጪያቸውን ሁሉ በዝርዝር ለሕዝብ እንዲያወጡ ጠየቀ። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። በዐዋጅ ቁጥር 590/2000ም የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ተደነገገ።

ይህ ሲባል ግን ሁሉ ነገር ይገለጥ ማለት አይደለም። የታመመ ሰው ስም፣ የቤቱ ቁጥር፣ የግል ገመናው ሊጠበቅለት ይገባል። ሕዝብ የሚያስፈልገው የሰፈሩ ድምር እንጂ የጎረቤቱ ምስጢር አይደለም።

ለ. ሰዋስው፦ የመጠን ቅጽል

ቅጽል ስምን የሚገልጽ ቃል መሆኑን ባለፈው ትምህርት አይታችኋል። የመጠን ቅጽሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። «ብዙ፣ ጥቂት፣ አያሌ» የመሳሰሉት ያልተወሰነ መጠን ያሳያሉ፤ «ሦስት፣ ዐሥር፣ 83» የመሳሰሉት ደግሞ የተወሰነ መጠን ያሳያሉ። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. በሰፈራችን ብዙ ቀን ውኃ ይጠፋል።
2. በሰፈራችን ባለፈው ወር 11 ቀን ውኃ ጠፍቶ ነበር።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው እሮሮ ነው፤ ሰሚው «አይጠፋም» ቢል ክርክሩ በዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ግን ሊመረመር ይችላል። ልዩነቱን ያመጣው ቅጽሉ ነው። ሆኖም ቁጥሩን በእርግጥ የማያውቅ ጸሐፊ «ብዙ» ብሎ ቢጽፍ ይሻለዋል፤ ቁጥርን ከራስ ፈጥሮ መጻፍ ሐሰት ነውና።

ሐ. ድርሰት፦ የማመልከቻ አጻጻፍ

መረጃ የሚጠይቅ ማመልከቻ ስትጽፉ አራት ነገሮችን አትርሱ፦ የምትፈልጉት ምን እንደ ሆነ፣ የየትኛው ጊዜ እንደ ሆነ፣ በምን መልክ እንዲሰጣችሁ እንደምትሹ፣ ለምን እንደሚጠቅም። ማመልከቻ ክስ አይደለም፤ ስለዚህ ቃላችሁ ትሕትና ያለው፣ ጥያቄያችሁ ግን የማያሻማ ይሁን። ለምሳሌ፦

«ለወረዳው ምክር ቤት፤

በወረዳችን የሚገኙት የሕዝብ የውኃ ቦኖዎች ስንት እንደ ሆኑና የት የት እንዳሉ፣ እንዲሁም ካለፈው መስከረም 1 ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ቦኖ ስንት ቀን አገልግሎት እንዳልሰጠ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍልንና ቅጂውም በኮምፒዩተር ሊሠራበት በሚችል መልክ እንዲሰጠን በትሕትና እናመለክታለን። ሠንጠረዡ ውኃ የሚቀዱ እናቶችና ልጆች በከንቱ እንዳይመላለሱ፣ ጥገናውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቦኖ የትኛው እንደ ሆነ እንዲታወቅ ይረዳል። የማንም ግለሰብ ስም እንዲገለጽ አንጠይቅም።»

ምክር ቤቱ «ሕዝቡ ቁጥሩን አጣሞ ይተረጕመዋል» ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ መልሱ ግን መዝገቡን መደበቅ ሳይሆን ቁጥሩ እንዴት እንደ ተሰበሰበ ከሠንጠረዡ ጋር ማስረዳት ነው። የተደበቀ ቁጥር ወሬን ይወልዳል፤ የተገለጠ ቁጥር ግን ቢሳሳትም የሚያርመው አያጣም።

መ. መልመጃ

1. ቄሱ አሳቡን እንዲለውጥ ያደረገው ምንድን ነው? በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ።
2. ከምንባቡ ውስጥ የተወሰነ መጠን የሚያሳዩ አራት ቅጽሎችን አውጡ።
3. «በትምህርት ቤታችን ጥቂት መጻሕፍት አሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር፣ ቆጥራችሁ ባገኛችሁት ቁጥር አስተካክላችሁ ጻፉ።
4. «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከስኖው ሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ አንቀጽ አብራሩ።
5. በአካባቢያችሁ ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጉዳይ ምረጡ። ከላይ የተሰጡትን አራት ነጥቦች ተከትላችሁ ለምክር ቤታችሁ ማመልከቻ ጻፉ፤ በክፍል ውስጥ ካነበባችሁትና ካረማችሁት በኋላ ከመምህራችሁ ጋር ተማክራችሁ አቅርቡት።