መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ

በዛሬው የትምህርት አምዳችን በመጠየቅና በመመርመር ስለ መማር እጽፍላችኋለሁ። በዚህ ዘዴ መምህሩ መልሱን ቀድሞ አይነግረንም። እኛው ጠይቀን፣ ገምተን፣ ሞክረንና ለክተን እንደርስበታለን። እኛ ክፍል የተሠራውን ልንገራችሁ።

ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ፣ እነ ሐርሺን ያሉ ሰዎች የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙት በቢርካ ነው። የሳይንስ መምህራችን ስለ ትነት ሲያስተምሩ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ አልጻፉም። «በጂላል የቢርካ ውኃ የሚያልቀው ሰውና ከብት ስለሚጠጣው ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁን። ግማሹ ክፍል «አዎ» አለ። ሌላው ደግሞ «ፀሐይም ትወስደዋለች» አለ። እሳቸው ግን «እንዴት ታረጋግጣላችሁ?» ብቻ አሉን።

በቡድን ሆነን እንዲህ አደረግን፦
1. ሁለት እኩል ጣሳዎች ላይ እኩል ውኃ ሞላን።
2. አንዱን ከደንን፣ አንዱን ክፍት ተውን።
3. ሁለቱንም አንድ ቦታ ፀሐይ ላይ አስቀመጥን። ፍየል እንዳይጠጣብን በተራ ጠበቅን።
4. በየቀኑ በማስመሪያ ለክተን ደብተር ላይ ጻፍን።

በሳምንቱ የክፍቱ ውኃ በደንብ ቀነሰ፤ የተከደነው ግን ያው ነበር ማለት ይቻላል። ማንም ሳይጠጣው!

ከዚያ አንዲት ልጅ «1 ሚሊ ሜትር ብትቀንስ ምን ይጎዳል?» ብላ ጠየቀች። አሰላነው። 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ያለው ቢርካ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ 200 ሊትር ውኃ ይሄዳል። ይኼ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 10 ማለት ነው! አንድ ጀሪካን ውኃ ለመቅዳት እናቶችና እህቶች ስንት መንገድ እንደሚሄዱ እናውቃለን። ቢርካ ለምን መከደን እንዳለበት ያኔ ገባን። «ትነት» የሚለውን ቃል ደብተራችን ላይ የጻፍነው ከዚህ በኋላ ነው። ለፈተና የሸመደድነው ቶሎ ይረሳል፤ ለክተን ያገኘነው ግን አይረሳም።

ውድ መምህራን፣ ይህ ዘዴ ጊዜ እንደሚወስድ፣ የተማሪውም ቁጥር ብዙ እንደሆነ እናውቃለን። ሁሉም ትምህርት እንዲህ ይሁን አንልም። ግን በየምዕራፉ አንድ ጥያቄ ብትሰጡን በቡድን እንሠራዋለን። ተማሪዎች፣ እናንተም በጓደኛችሁ ግምት አትሳቁ። ግምቱን የሚፈትነው ሙከራው ነው።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ እኩል ውኃ በሰፊ ሳፋና በጠባብ ጣሳ ብናስቀምጥ የቱ ቀድሞ ያልቃል? መልሱን እኔን አትጠይቁኝ። ሞክሩ፣ ለኩና ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አምጡ።

መልካም ምርምር!