ተቅማጥና ትውከት ለያዘው ሕፃን በቤት ስለሚደረግ እንክብካቤ

ሕፃን ልጅ ተቅማጥና ትውከት በያዘው ጊዜ፥ ብዙ ወላጆች አስቀድመው የሚያደርጉት ውሃውንና ምግቡን መከልከል ነው። «ሆዱ ይረፍ፤ የሚገባ ከሌለ የሚወጣ አይኖርም» ይላሉ። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ብዙ ሕፃናትን ለሞት የሚያደርሰው ይኸው አሳብ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ትምህርታችን ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳ ወደድን።

ከሕፃን ሰውነት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። ተቅማጥና ትውከት ይህን ውሃ ከነጨዉ አጥቦ ያወጣዋል። ሕፃኑ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከውሃው ማለቅ የተነሣ ነው። መጠጥ ቢከለከልም ተቅማጡ አይቆምም፤ የሚወጣው ውሃ ከገዛ ሰውነቱ ወደ አንጀቱ የሚፈስ ነውና።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት የ8 ወር ልጅዋን ታቅፋ ወደምንሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ከጥቂት ጠብታ በቀር አልቀመሰም ነበር። ዓይኑ ተሰርጕዷል፤ እርግብግቢቱ ጎድጕዷል፤ ቢያለቅስም እንባ አልነበረውም። እናቲቱም «ይሻለዋል ብዬ ነው የከለከልሁት» አለችን። በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጥቶት ልጁ ዳነ። እናቲቱን አልወቀስናትም፤ ያስተማራት አልነበረምና። ዳሩ ግን ያን ያህል ሳይደክም በቤቱ በስኒና በማንኪያ ሊረዳ ይቻል ነበር።

በውጭ አገር ስንማር ብዙ ረቂቅ መሣሪያ አይተናል። ሆኖም ስኳርና ጨው በልክ የተቀላቀለበትን ውሃ ያህል በጥቂት ወጪ ብዙ ነፍስ የሚያድን ነገር አላገኘንም። ምሥጢሩም ስኳሩ ጨውን በአንጀት ግድግዳ በኩል ይዞ ሲገባ፥ ውሃውም ተከትሎ መግባቱ ነው። በ1963 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971) ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ አገር በቦንጋዎን ሰፈር ኮሌራ በፈጃቸው ጊዜ፥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህን ውሃ በቤተ ዘመዶቻቸው እጅ እንዲጠጡ አደረገ። ከመቶ በሽተኞች ከ20 እስከ 30 ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ሆነ። ያጠጡት እናቶችና እኅቶች እንጂ ሐኪሞች ብቻ እንዳልነበሩ ልብ ይሏል።

እንግዲህ በቤት የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ወይም ኦ አር ኤስ የሚባለው እሽግ፥ በላዩ በተጻፈው ልክ (አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር) ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጥበጥ። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ።

2ኛ፤ እሽጉ ከታጣ፥ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመር። ጨው ሲበዛ ይጐዳልና ልኩ አይለፍ።

3ኛ፤ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በተቀመጠ ቍጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፥ ማለት አንድ የቡና ስኒ ያህል ይሰጠው። ከዚያ በላይ ለሆነው እጥፉ ይሁን።

4ኛ፤ ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ይቈይና በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ይሰጠው።

5ኛ፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ከቀድሞው አብልጦ ይጥባ። ምግብ የጀመረም እንደ አጥሚትና ሩዝ ያለውን ጥቂት በጥቂት ይመገብ። የለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ተቅማጡን ያብሳልና አይሰጥ።

6ኛ፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የዚንክ ኪኒን ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘው ከ10 እስከ 14 ቀን እስኪፈጸም አይቋረጥ።

ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፥ የቀመሰውን ሁሉ ካስታወከው፥ ዓይኑ ከተሰረጐደ፥ ከደነዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፥ በሰገራው ደም ከታየ፥ ሽንቱ ከ6 ሰዓት በላይ ከቀረ፥ ወይም ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በመንገድም መጠጡ አይቋረጥ።

ስለ ተቅማጥ ብሎ ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ደም ከማፍሰስና ሌላ በሽታ ከማምጣት በቀር ጥቅም የለውም። ሐኪም ሳያዝም ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው።

ደግሞም «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና፥ ሳሙና ቢታጣ በዐመድ መታጠብ፥ እንዲሁም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በአፍ የሚሰጠውን የሮታ ቫይረስ ክትባት በወቅቱ ማስከተብ ይገባል።

ይህን ትምህርት ያነበበ ሁሉ ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱ ያሰማለት ዘንድ አደራ እንላለን። በጎረቤት ቤት የተጠማ ሕፃን ይኖር ይሆናልና።