ሰማያዊ ቢራቢሮ ሁሉ አንድ አይደለም
(ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል)

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ ትንንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች አቀርብላችኋለሁ። ይህን ርዕስ የመረጥኩት የአትክልት ቦታችን አተር ትል ስለገባበት አንዳንድ ልጆች ሰማያዊ ቢራቢሮ ባዩ ቁጥር በቅጠል እየመቱ መግደል ስለጀመሩ ነው። ግን እኮ በግቢያችን ብቻ ሦስት ዓይነት አይቻለሁ፤ እሸቱን ሰርስራ በመግባት የምትታወቀው የአንዷ ትል ናት።

ለየብቻ የሚጠሩበት የአማርኛ ስም ስላላገኘሁ ራሴ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፦ ሣሬ፣ ባለመቀነት እና የሜዳ አህያ።

በሚበሩበት ጊዜ ለመለየት አትልፉ። ያኔ የሚታየው የክንፋቸው የላይኛው ገጽ ነው፤ እሱ ደግሞ በሦስቱም ወንዶቹ ሰማያዊ፣ ሴቶቹ ቡናማ የበዛባቸው ናቸው። እስክታርፍ ጠብቁ። ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ትገጥማለች፣ የታችኛው ገጽ ይታያል። መለያው ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ የኋላ ክንፏን ጫፍ እዩ። እንደ ክር የቀጠነ ጅራት ከሌላት፣ ታቹም አመድማ ሆኖ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ሣሬ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ዚዜሪያ ክኒስና ነው። ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በሣሩ ላይ ዝቅ ብላ ትበራለች። ትሏ ከምትበላቸው ዕፅዋት አንዱ ኩርንችት ስለሆነ በባዶ እግሩ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሊመታት ሳይሆን ሊያመሰግናት ይገባል!

ከባዱ ጅራት ያላቸውን ሁለቱን መለየት ነው። ሁለቱም ጅራታቸው አጠገብ ሁለት ጥቁር ክብ ነጠብጣቦች አሏቸው። ነጠብጣቡ ዓይን፣ ጅራቱ ደግሞ አንቴና ይመስላል። ወፍ ጭንቅላቷ መስሏት ክንፏን ስትነክስ ቢራቢሮዋ ትንሽ ተቀዳ ታመልጣለች። አርፋ ሳለች የኋላ ክንፎቿን እያፋተገች ጅራቷን የምታንቀሳቅሰውም ለዚሁ ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ብልጠቷን ነው።

ባለመቀነት (ላምፒደስ ቦየቲከስ) ከታች በኩል ቀጫጭን ቡናማና ነጭ መስመሮች አሏት፤ ከኋላ ክንፏ ዳር ገባ ብሎ ግን አንድ ሰፋ ያለ ነጭ መቀነት ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከሣሬ ትተልቃለች፤ ክንፏ ሲዘረጋ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የአተሩ እናት እሷ ናት። እንቁላሏን አበባና እምቡጥ ላይ ትጥላለች፣ የተፈለፈለችው ትል እሸቱን በስታ ትገባለች። ስለዚህ ቢራቢሮ ከማሳደድ ቀዳዳ ያለውን እሸት ለቅሞ ማውጣት ይሻላል።

የሜዳ አህያ (ሌፕቶተስ) ላይ መቀነቱ የለም። ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ሆና ከመስመሮቿ አንዱም ከሌላው ጎልቶ አይወጣም። ከአፍሪካ ሌፕቶተሶች አንዳንዶቹ እርስ በርስ በጣም ስለሚመሳሰሉ ሳይንቲስቶችም የሚለዩአቸው በማይክሮስኮፕ ነው፤ እኛ ሌፕቶተስ ብለን ብንተወው ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጅራት በወፍ ይቆረጣል፣ በነፋስም ይሰበራል። ጅራት የላትም ብላችሁ ወዲያው ሣሬ እንዳትሏት፣ መቀነቱንና ነጠብጣቡን እዩ። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ ሰውነታቸው ስላልሞቀ ቶሎ አይበሩም። ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው ግን በፀሐይዋ በኩል ሳይሆን በጎን በኩል ቅረቡ።